ቪየላ

ፈረንጅ ፊደልን ከጎማ ጎን ላይ ነው የለመድኩት፣
ቁጥሩን ከነስሙ፣ ግራሶ በነካው ጣቴ ዳብሼ ያነበብኩት።
ደብረ ሲና፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ነው ሱቄ፤
ከጣርማ በር ወርዶ ፍሬኑ የጋለ ሁሉ ሲቆም፣
ብቅ እላለሁ መፍቻዬን ታጥቄ።

ያን ቀን የመጡት ግን በብስክሌት ነበር፣
ባልና ሚስት፣ ከኋላ በጋሪ ልጃቸውን አስከትለው፣
ጉሙን ከቅንድባቸው እየጠረጉ፣ የተነፈሰ ጎማ ነቅለው።
ሦስት ቦታ ለጠፍኩ። ሒሳብ አልቀበልም አልኩ።
ልጁ አመነታና ከጋሪው ሥር መጽሐፍ አወጣ፣
ሰጠኝ። ሄዱ። ጉም ዋጣቸው፤
ደወላቸው ብቻ ትንሽ ቆይቶ መጣ።

ገጹ ነጭ ነው። በረዶ። አንድ ጥቁር ነገር ተኝቷል መሐሉ።
የእህቴ ልጅ ማንያህልሻል፣ «ጭላዳ ነው» አለች፣
«ግን ደረቱ የታል ቀዩ? ወዴት ነው ገደሉ?»
«ድብ ናት» አልኳት።
«ድብ ምን ትበላለች?»
«ቆይ፣ አልደረስኩበትም» አልኩ፣ የደረስኩበት ይመስል ጠቅላላ ቃሉ።

አንዳንዱ ፊደል አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ ይዟል።
የኛ ሁለት ነጥብ በቃልና በቃል መሐል ዘብ ቆሞ ኖሮ
ዛሬ ዛሬ ጠፍቷል፤
ወዲያ ተሻግሮ ይሆን እላለሁ፣
ብርድ አገር፣ ፊደል ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ተኝቷል።

አነበብኩላት። ማለቴ ድምፅ አወጣሁ፣
አፌ ኮረኮንች ላይ እንዳለ አይሱዙ እየተንገጫገጨ።
አንዲት ቃል ግን ከገጽ ገጽ ትመለሳለች፣
ድቧ ባለችበት ሁሉ አለች።
«ቪየላ።» ስሟ ነው አልን፤ ሌላ ምን ሊሆን?
ማንያህልሻል አጨበጨበች።
ቪየላ ከጉድጓድ ብቅ አለች። ቪየላ በረዶ ቀመሰች። አስነጠሰች።

ቆሎ ሻጯ አመለወርቅ ቁናዋን አስቀምጣ ታያለች በትከሻዬ፦
«ባሏ ትቷት ሄዶ ነው፣ በሩን ስትጠብቅ እይ፣ ወየው እህትዬ!»
ረዳቱ ሽዋቀና «ሥራ ፈት ናት» ይላል።
ማንያህልሻል ትቆጣለች፣ «ዓሣ ነው የምትጠብቀው!»
አንድ ሥዕል ያን ሁሉ ሰው ጫነ፤
ጎማው አልፈነዳም፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆምኩ።
በማውቀው ቋንቋ መጽሐፍ ስገልጥ እስከ ዛሬ
አንድ አስተማሪ ከጀርባዬ ይቆማል፣ አርጩሜ ይዞ።
በዚህኛው ግን የሚያርመኝ የለም፤
ስሕተቴ ራሱ ይሄዳል፣ ቀና ብሎ፣ እጁን ኪሱ ይዞ።

በጥቅምት የደን ባለሙያው አቶ ክፍለጊዮርጊስ
ከወፍ ዋሻ ሲመለስ፣ ሚስማር ወግቶት ጎማውን፣ መጣ።
እስክጨርስ ብሎ መጽሐፉን አነሣ፤
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እንደ ውሃ፣ አንድም ሳያጣ።
እዚያ አገር ስድስት ዓመት ተምሯል ለካ።
«ቪየላን ታውቃታለህ?» አለችው ማንያህልሻል ቀድማ።
ሳቀ። «ስም አይደለም ልጄ። ገና ማለት ነው።»
መፍቻው ከእጄ ወደቀ፤ ሲወድቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ገለጥኩት እንደገና።
ድቧ ብቅ አለች፦ ገና።
በረዶው አልለቀቀም፦ ገና።
ወፏ አፏን ከፍታ ዝም ብላለች፦ ገና።
ባሏም፣ ዓሣውም፣ ሥራውም
እዚያች ቃል ውስጥ ተኝተው ከርመዋልና
ማንም አልዋሸም።
«ቀሪውን ልንገራችሁ?» አለ፣ መነጽሩን ጠረገ።
እሺ ልለው ነበር፣ አፌ ፈለገ፤
ማንያህልሻል ግን መጽሐፉን ነጥቃ
ከጎማው ክምር ጀርባ ገባች።

ችግሩ፣ ስሙ ወጥቷል።
የአመለወርቅ ቡችላ ቪየላ ከተባለች ወር አልፏታል።
ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ በኋላ፣
አመለወርቅ ደጇ ቆማ ትጣራለች፦ «ቪየላ! ቪየላ!»
እኔ ሱቄን እየቆለፍኩ እሰማለሁ ሌላ፦
ገና! ገና!
ከጉሙ ወዲያ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል።